ቲቢ ከለቀቀኝ በኋላ ሳንባዬ ውስጥ የቀረው

«አክታሽ ንጹሕ ነው» የሚለውን ቃል በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ሰምቻለሁ። ለሌላው የምሥራች የሆነው ይህ ቃል ለእኔ ግራ መጋባት ብቻ ነበር ያተረፈልኝ፤ በዚያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ደም የቀላቀለ አክታ እተፋ፣ ሌሊት በላብ እጠመቅ፣ ቀሚሴም በመርፌ ቁልፍ ካልተያዘ ከወገቤ ይወርድ ነበርና። ዛሬ የበሽታዬን ስም አውቀዋለሁ። ሥር የሰደደ የሳንባ አስፐርጂሎሲስ ይባላል፣ የፈንገስ ሕመም ነው፤ በእኔ ላይ የመጣው ቲቢ በሳንባዬ ውስጥ ትቶት በሄደው ክፍተት ነው። ይህን የምጽፈው ቲቢ ታክመው ለዳኑ፣ ከዓመታት በኋላ ግን ሳሉ ተመልሶባቸው ምርመራው ሁሉ «ምንም የለም» ለሚላቸው፣ እንዲሁም የሕመሙ ስም ከታወቀ በኋላ ከእሱ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ለጨነቃቸው ሰዎች ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዬም የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነው። በ2005 ዓ.ም. የሳንባ ቲቢ ተገኝቶብኝ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳላስታጉል መድኃኒቴን ዋጥኩ፤ ሲያልቅም በካርዴ ላይ መዳኔ ተጻፈልኝ። እውነትም ድኜ ነበር። በመጨረሻው ራጅ ላይ በቀኝ ሳንባዬ ላይኛው ክፍል አንድ ክፍተት መቅረቱን ሐኪሙ በጣቱ አሳይቶኝ «ጠባሳ ነው፣ አያሳስብሽ» አለኝ፤ እኔም አላሳሰበኝም። ራጁን ጠቅልዬ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አኖርኩት። ከሁሉም ወረቀቶቼ ይልቅ በኋላ የጠቀመኝ ያ አቧራ የለበሰ ራጅ ነውና፣ እባካችሁ አሮጌ ራጅ አትጣሉ።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሳሉ ተመለሰ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለሁሉም ሳል ምክንያት ስለሚሆን ለሁለት ወር ያህል በነጭ ሽንኩርትና በማር፣ በጤና አዳምና በዳማከሴ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን የአራተኛ ክፍል ልጆች ፊት ቆሜ ስስል መሐረቤ ላይ ደም አየሁ፤ ልጆቹ እንዳያዩ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ትምህርቱን ቀጠልኩ። አክታዬ ተመረመረ፣ ነጻ ነኝ ተባልኩ። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያም ታየ፣ ነጻ ነኝ ተባልኩ። ነገር ግን ራጁ ላይ ክፍተት ስላለ፣ ሳልም ደምም ስላለ፣ «በአክታ የማይታይ ቲቢ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ሁለተኛ ዙር የቲቢ ሕክምና ጀመርኩ። ስድስት ወሩ አልቆም ክብደቴ አንዲት ኪሎ አልጨመረም። በሌላ ቦታ ደግሞ አስም ነው ተብሎ የሚሳብ መድኃኒትና የፕሬድኒሶሎን እንክብል ተሰጠኝ፤ ሁለት ሳምንት የምግብ ፍላጎቴ ተከፍቶ ሁሉም «ዳነች» ካለ በኋላ ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ወደቅሁ።

ያከሙኝን ሰዎች አልወቅስም። በአገራችን ሳል፣ ደምና በሳንባ ውስጥ ያለ ክፍተት አንድ ላይ ሲገኙ መጀመሪያ ቲቢን የማያስብ ሐኪም ቢኖር እሱን ነበር የምፈራው። የምወቅሰው ጥያቄው እዚያ ላይ ማቆሙን ነው። መድኃኒቱ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ተውጦ ምንም ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር፣ አክታውም በተደጋጋሚ ነጻ ሲሆን፣ «ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው መኖር ነበረበት፤ ያ ሰው እኔም ልሆን እችል ነበር፣ አልሆንኩም።

በዚያ ጊዜ ከሳሉ ይልቅ የጎዳኝ የኩባያ ነገር ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ስለምትኖር፣ ለልጆቼ ስትል፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት የቆርቆሮ ኩባያ ለብቻዬ መድባልኝ ነበር። ክፉ አስባ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቲቢ ጊዜ የተማረችውን ጥንቃቄ ነው የደገመችው። ልጆቼን ሳልስም፣ ከእነሱ ጋር ከአንድ ትሪ ሳልበላ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሦስተኛ ዙር የቲቢ መድኃኒት በጀመርኩ በሦስተኛ ሳምንቴ፣ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ታላቅ ወንድሜ አስገድዶኝ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ አንዲት የሳንባ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀረብን። መጀመሪያ የጠየቀችኝ አሮጌ ራጅ እንዳለኝ ነበር። የ2005ቱን ከአዲሱ አጠገብ መብራቱ ላይ ሰቀለቻቸውና ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየቻቸው። የድሮው ክፍተት ባዶ ነበር፤ በአዲሱ ላይ ግን ግድግዳው ወፍሯል፣ ውስጡም አንድ ክብ ነገር ተቀምጧል፣ ከክቡ በላይ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ የአየር ቅስት ይታያል። ሲቲ ስካን አዘዘችልኝ፤ በጀርባዬ ተኝቼ ከተነሳሁ በኋላ በሆዴ ተገልብጬ እንድደግም አደረገችኝ። ምስሎቹን ስታሳየኝ ያ ክብ ነገር በጀርባዬ ስተኛ ወደ ጀርባዬ፣ በሆዴ ስተኛ ወደ ደረቴ ተንከባሎ ነበር። «አዩት? ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ዕጢ ቢሆን ኖሮ ቦታውን አይለቅም ነበር» አለችኝ። «እንጀራ ሲቆይ የሚያወጣውን ሻጋታ ያውቁታል አይደል? የእሱ ዘመድ ነው።»

ይህን ስትል ያደረብኝ ስሜት ድንጋጤ ሳይሆን መጸየፍ ነበር። ስታስረዳኝ ግን ነገሩ ቀላል ሆነልኝ። የዚህ ፈንገስ ብናኝ በየትም ቦታ አለ፤ በጭድ፣ በበሰበሰ ቅጠል፣ በእርጥብ ግድግዳ፣ ርጥበት በገባው እህል ላይ ይበቅላል። መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው፤ ማንኛችንም ሳናውቀው በየቀኑ እንስበዋለን፤ ጤነኛ ሳንባም ጠርጎ ያስወጣዋል። ሳንባ በቲቢ ወይም በሌላ ሕመም ተቦርቡሮ ደምም አየርም በወጉ የማይዘዋወርበት ክፍተት ሲኖረው ግን ብናኙ እዚያ ያርፋል፣ ይበቅላል፣ በወራትና በዓመታት ውስጥ ዙሪያውን ያለውን ሥጋ እያቆሰለ ይሰፋል። እናቴ ይህን ስነግራት «ወና ቤት ሆኖ ቆይቶ ነዋ» አለች፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

ለፈንገሱ ስሙን የሰጠው ሚኬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ በ1729 እ.ኤ.አ. በአጉሊ መነጽር ሲያየው በቤተ ክርስቲያናቸው ጸበል የሚረጭበትን ዕቃ ስለመሰለው አስፐርጂለስ አለው። ስሙ ከጸበል መርጫ የመጣ በሽታ ይዞኝ ለጸበል ስመላለስ መክረሜን ሳስበው አሁንም ፈገግ እላለሁ።

ምርመራው በሲቲ ብቻ አልተደመደመም። የደሜ ናሙና ለአስፐርጂለስ አንቲቦዲ (ሰውነት ፈንገሱን ለመከላከል የሚሠራው ነገር) ምርመራ በአንድ የግል ላቦራቶሪ በኩል ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ከፍተኛ ሆኖ ተመለሰ፤ አክታዬም ለቲቢ በካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን በላቦራቶሪ ለማሳደግ በመሞከር፣ ጭምር ታይቶ ነጻ ሆነ። ምልክቱ ከሦስት ወር በላይ መቆየቱ፣ ምስሉ፣ የደሙ ውጤትና የቲቢው ነጻ መሆን አንድ ላይ ሲቆሙ ነው ስሙ የተሰጠው። በሽታው ብርቅ ነው ይባላል። እኔ ግን ብርቅ የሆነው በሽታው ሳይሆን ምርመራው ይመስለኛል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከቲቢ በኋላ በዚህ ሕመም የሚኖሩትን በዓለም ዙሪያ ወደ 1.2 ሚሊዮን ገምቷቸዋል፤ ቲቢ እንደ እኛ አገር በበዛበት ቦታ ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ጥቂት የማይባሉት አሉ ብሎ መጠርጠር አይከብድም።

ከዚያ ክፍል ይዤው የወጣሁት ትልቁ ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይህ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ከመደበችልኝ ኩባያ ላይ ቀዩን ክር በጥርሴ በጥሼ ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። ትንሿ ልጄ ያን ሌሊት ከእኔ ጋር አደረች።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልግባ፤ ብዙ የተሳሳትኩትም ብዙ የተማርኩትም በእሱ ነው። መጀመሪያ የቲቢው መድኃኒት ቆመ፤ በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ፀረ ፈንገሱን ፈጥኖ እንዲያስወግደው ስለሚያደርግ ሁለቱን አብሮ መዋጥ ገንዘብን ውኃ ውስጥ እንደ መጣል ነው። ሪፋምፒሲን ከቆመም በኋላ ኃይሉ ለጊዜው ስለሚቆይ ሁለት ሳምንት ጠብቀን ኢትራኮናዞል 200 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ጀመርኩ። ቢያንስ ስድስት ወር፣ ምናልባትም ለዓመታት እንደምወስደው አስቀድሞ ተነገረኝ። በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኘው ፍሉኮናዞል ይህን ፈንገስ አይነካውም፤ ሁለቱም የፈንገስ መድኃኒት ስለሆኑ «ያው ነው» የሚል ሻጭ ስላጋጠመኝ ነው ይህን መጻፌ። ኢትራኮናዞልና ቮሪኮናዞል በ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሕመም ጭምር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው ናቸው፤ ዝርዝር ውስጥ መግባትና መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን ለየቅል ስለሆነ፣ ሲጠፋ ዋሽንግተን የምትኖር የአጎቴ ልጅ በሐኪሜ ማዘዣ በመንገደኛ የላከችልኝ ጊዜ ነበር።

ሦስት ወር ዋጥኩ፤ ምንም የለም። ሐኪሜ ተገረመችና የእጅ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ እንድገለብጥ ጠየቀችኝ። ቁልፍ፣ ጠመኔ፣ የልጄ የፀጉር ማሰሪያ፣ የኢትራኮናዞሉ ፓኬትና አንድ የኦሜፕራዞል ማሸጊያ ወጡ። ኦሜፕራዞሉን በሁለት ጣቷ አነሳችው።

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?»

«ጨጓራ አለብኝ፤ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት።»

«መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«ይህ እኮ የጨጓራ ነው» አልኳት። ለጨጓራ የሚወሰደው በእኔ ቤት መድኃኒት አልነበረማ! የኢትራኮናዞል ካፕሱል ግን ለመሟሟት የጨጓራን አሲድ ይፈልጋል፤ አሲዱን የሚያጠፋ ነገር ከተወሰደ አብዛኛው ሳይገባ ያልፋል። ሦስት ወር ሙሉ በብዙ ብር የገዛሁትን መድኃኒት በጥቂት ብር በምገዛው ሌላ መድኃኒት አጥፍቼዋለሁ። ኦሜፕራዞሉን አስተወችኝ፤ ካፕሱሉንም ሙሉ ምግብ ከበላሁ በኋላ ወዲያውኑ፣ ከአንድ ብርጭቆ ኮካ ኮላ ጋር እንድወስድ አዘዘችኝ፤ ኮካው አሲድ ስለሆነ ነው። ጨጓራዬ መጀመሪያ ላይ አኮረፈ፤ በርበሬውን ስቀንስ፣ ቡናውን ከሦስት ወደ አንድ ሳወርድ ግን ታገሠኝ። በሁለተኛው ወር የሌሊቱ ላብ ቆመ።

ከምግብ ጋር መውሰዱ ሌላ ጥያቄ አመጣ። እኔ ጿሚ ነኝ፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቆይ መድኃኒት መዋጤ ከበደኝ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት በባዶ ሆዴ በውኃ ዋጥኩት። ኋላ የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው፣ የታመመ ሰው ጠዋት መቅመሱ በደል እንዳልሆነ ነግረው የጾም ምግብ በልቼ እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ሽሮ በዘይት ከእንጀራ ጋር በደንብ ከተበላ ለመድኃኒቱ በቂ ነው፤ ችግሩ ባዶ ሆድ እንጂ የጾም ምግብ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ለብቻችሁ አትወስኑ፣ ሁለቱንም አባቶች፣ የነፍሱንም የሥጋውንም፣ ጠይቁ።

መድኃኒቱ የራሱ ዕዳ አለው። በስምንተኛው ወር ቁርጭምጭሚቶቼ አብጠው ማታ ማታ የካልሲው ምልክት ጉድጓድ ሆኖ ይቀር ጀመር፤ የደም ግፊቴም ከፍ አለ። ኢትራኮናዞል አልፎ አልፎ ልብን ሊያዳክም ስለሚችል ልቤ በአልትራሳውንድ ታየ፣ ደህና ነበር፤ መጠኑ ተቀንሶልኝ እብጠቱ ወረደ። በየጊዜው ጉበቴና በደሜ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይታያል። የእግር ጣት መደንዘዝ ወይም መውጋት ከጀመራችሁ፣ ትንፋሻችሁ በድንገት ካጠረ ቀጠሮ አትጠብቁ። ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭም፣ በተለይ ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የልብ መድኃኒቶች ጋር፣ የምወስደውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፌ ከመታወቂያዬ ጋር እይዛለሁ፤ የጨጓራውንም ጭምር።

ስለ ደሙ ሳልናገር ባልፍ ይህን ጽሑፍ ለማን ጻፍኩት? በክፍተቱ ዙሪያ አዳዲስ የደም ሥሮች ስለሚበቅሉ፣ እነሱም ስስ ስለሆኑ፣ ደም የዚህ ሕመም ዋና ፍርሃት ነው። በ2013 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ጉሮሮዬ ውስጥ የሚሞቅና የብረት ጣዕም ያለው ነገር መጣ፤ ከአልጋዬ አጠገብ በነበረች የቡና ሲኒ ተፋሁት፤ ሲኒዋ ሞላች። በዚያች ሰዓት የረዳኝ ሐኪሜ አስቀድማ የነገረችኝ ነው። የሚደማው ሳንባ በየት በኩል እንደሆነ ስለማውቅ በቀኝ ጎኔ ተኛሁ፤ እንዲህ ሲሆን ደሙ ወደ ጤነኛው ሳንባ አይፈስም። መድማትን የሚያስታግሰው የትራኔክሳሚክ አሲድ እንክብል በእጄ ነበር፣ ዋጥኩ። ባሌ የጎረቤት መኪና ጠርቶ ሆስፒታል ወሰደኝ። የሐኪሜ ደንብ እንዲህ ነው፦ በአክታ ላይ ክር መስሎ የሚታይ ደም ለቀጠሮ ይነገራል፣ ከሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካለፈ ግን ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ለራስ ምታትና ለወገብ የሚወሰዱትን አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ ትቻለሁ፤ ፓራሲታሞል ይበቃኛል።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ «ለምን በኦፕሬሽን አይወጣም?» ብሎ ነው። አንድ የፈንገስ ኳስ ብቻ ግድግዳው ስስ በሆነ ክፍተት ውስጥ ላለበትና የቀረው ሳንባው ጤነኛ ለሆነ ሰው ቀዶ ሕክምና ጥሩ መፍትሔ ነው፣ የሚድኑበትም አሉ። የእኔ ክፍተት ግን ከደረቴ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፣ በግራ ሳንባዬም የቲቢ ጠባሳ አለ፤ ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚበልጥ በግልጽ ነገረኝ። ደሙ ከባሰ ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚደማውን ሥር መድፈን እንደሚቻልም አስረዳኝ፤ እስካሁን አላስፈለገኝም።

ቤታችን የገጠር ሰው ቤት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ወላጆቼ መንደር ገብስ ሲወቃ መሄድ፣ ገለባው በነፋስ ሲበተን አውድማው ዳር መቀመጥ ከልጅነቴ የምወደው ነበር። አሁን ከውቂያው በኋላ ነው የምሄደው። ጎታ አልጠርግም፣ ጭድ አልነካም፣ ክረምት ላይ የሻገተ ግድግዳ ሲፋቅ ከቤት እወጣለሁ፤ አቧራ የግድ ከሆነ ኤን 95 የሚባለውን ማስክ አደርጋለሁ፤ ተራው ማስክ ለዚህ ብናኝ ልል ነው። የሻገተ እንጀራ አልገላበጥም፣ አንስተው ሳያራግፉ እንዲጥሉት ለልጆቼ አስተምሬአለሁ። ይህ ሁሉ ብናኙን እንደማያስቀር አውቃለሁ፤ አየሩ ውስጥ ነውና። ብዛቱን ለመቀነስ ነው።

ስለ ክሳት አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቴ፣ በፍቅር፣ «ዴክሳ ዋጪ፣ በወር ትወፍሪያለሽ» ብላኝ ነበር። ዴክሳሜታሶንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ያለ ፀረ ፈንገስ ሲወሰዱ ይህን ሕመም ያፋፍማሉ፤ አስም ነው ተብዬ ሁለት ሳምንት አብቤ የወደቅሁት ለዚህ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። እኔ የወፈርኩት በእንቁላል፣ በአጃ ገንፎና በትዕግሥት ነው፤ ከ41 ኪሎ ወደ 52 ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ሲመስል፣ ከሐኪሜ ጋር ተማክረን መድኃኒቱን አቆምን። በአምስተኛው ወር ቀሚሴ እንደገና ሰፋኝ፤ ድካሙም ከሳሉ ቀድሞ ተመለሰ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ከመጀመሪያውም ይበልጥ። ሐኪሜ ግን እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ቁጠሪው አለችኝ፤ በዚያች ቀን ነው «እርስዎ» ማለቱን የተወችው። ከዚያ ወዲህ አላቋረጥኩም።

አሁንም አስተምራለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ዳገቷ ለእኔ ቢጤ አይራራም፤ ርእሰ መምህሩ ክፍሌን ከፎቅ ወደ ምድር አውርዶልኛል፣ ጥቁር ሰሌዳውን የሚያጠፉት ልጆቹ ናቸው። በየስድስት ወሩ ማለዳ አዲስ አበባ ለመውረድ መኪና ስሳፈር በጉልበቴ ላይ አንድ ትልቅ ፖስታ አለ፤ የ2005ቱ ራጅ ከላይ፣ አዲሶቹ ከሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ባለፈው ግንቦት ክፍተቱ አልሰፋም ነበር፤ ኳሱ አለ፣ ግድግዳው ግን ሳስቷል። ቀጣዩ ቀጠሮዬ ኅዳር ላይ ነው።